ማንገቻውን ቀበቶ ያደረገው እጅ

ዋርሳዬ ሰው ሲተዋወቃት ፊት አታይም፣ ወገብ ነው የምታየው። ሰውየው እጁን ዘርግቶ ስሙን ሲናገር እሷ ቀበቶው ላይ ታፈጣለች፤ የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደታሰረ፣ ከዚያ በፊት የትኛው ላይ ይታሰር እንደነበር፣ ባለቤቱ ከስቶ ይሁን ወፍሮ ትመረምራለች። ስሙን ግን አትሰማውም። አንድ ጊዜ ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሐኪም ሰላም ሊለን ሱቃችን ቢገባ «ምነው፣ ታመው ነበር እንዴ? ቀበቶዎ ወደ ውስጥ ገብቷል» አለችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሐኪሙ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና እውነትም ታሞ እንደነበር አጫወታት፤ ከዚያ ወዲህ ጫማውን ለሌላ ጠጋኝ ሰጥቶ አያውቅም።

የባሌ ታላቅ እህት ናት። ገበያው ውስጥ «ወስፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ምላሷ የነካቸው ሰዎች ያወጡላት ይመስለኛል። እኔ «እትዬ» እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ «ሙሽራዬ» ትለኛለች። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ማቃሰት ጀምሮ እንኳ ሙሽራዋ ነኝ። ሴት በባሏ እህት ስትማረር ስሰማ እኔም የማዋጣው አላጣም፤ ጊዜ የሚሰጠኝ ከተገኘ ሳምንት ሙሉ ላወራ እችላለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ላማርር አይደለም። እሷ ያደረገችውን ነገር ከኔ በቀር በቅጡ የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

ሱቃችን በሰዓት ሠሪና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። የጎረቤታችን ማሽን ሲሠራ ግድግዳችን ይንቀጠቀጣል፣ የተሰቀሉት ጉጠቶችና መዶሻዎችም አብረው ይንቀጫቀጫሉ። በመስኮቱ ሥር ባለቤቴ ይሠራበት የነበረው ረጅም ጠረጴዛ አለ። ከጀርባ ሁለት ክፍሎች ነበሩን፣ አንዱ የሷ፣ አንዱ የኔ፣ በመካከላቸው ገጥሞ የማያውቅ በር። ጫማ መጠገን፣ የተማሪ ቦርሳ መስፋት፣ የተበጠሰ የሻንጣ እጀታ መመለስ የዕለት ሥራችን ነው። ስሟ የወጣው ግን በአሮጌ የወታደር ቆዳ ነው። የጠመንጃ ማንገቻም ይሁን ቀበቶ ወይም ዝናር፣ ከድሮ ጦር የተረፈ ቆዳ እጇ ሲገባ እንደተሠራ የኖረ ይሁን ኋላ ሰው የነካካው ትለያለች። የነካካውም ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ትነግራችኋለች፤ ባትጠይቋትም ትነግራችኋለች።

«ዝገት» የምንለው አንድ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ አለ። ድስቱንም ሰዓቱንም የጦር ዕቃውንም ሰብስቦ ለሰብሳቢዎችና ለፊልም ሠሪዎች የሚሸጥ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚቀድም ሰው ነው። እሷ ጋ ሳያሳይ የወታደር ቆዳ አይሸጥም፣ ባሳያት ቁጥር ደግሞ ይጣላሉ። አንድ ቀን ቡናማ ማንገቻ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና «ይሄ እንኳ ማንም ያልነካው ነው፣ እንደ ወጣ ነው ያለው» አላት።

 ማንገቻውን አንስታ አፍንጫዋ ሥር አደረገች። ሰው ሁሉ ቆዳ የምታሸት ይመስለዋል፤ የምታሸተው ቀዳዳዎቹን ነው። ከዚያ አንደኛውን እጥፋት በአውራ ጣቷ ከፈት አድርጋ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«ማን ቀለም ቀባው?» አለች።

«ምን ቀለም?»

«የጫማ ቀለም ነዋ! ላዩ ቡናማ፣ እጥፋቱ ውስጥ ገርጣ ያለ። ቆዳ ሲያረጅ ውስጡም አብሮት ያረጃል። ይሄ ላዩን ብቻ ነው ያረጀው።»

«እሺ ቀለም ይሁን። ማሳመር ወንጀል ነው እንዴ?»

«ጫፉም ተቆርጧል። እየው፣ የጦሩ ማህተም ግማሹ የለም። ቁጥሩ መሐል ላይ ነው የሚያልቀው። ሲሠሩት ግማሽ ማህተም ብቻ የመቱበት ይመስልሃል?»

ዝገት በጦር ሰፈር ውስጥ ቁጥር የሚያሳጥር ሰው ሊኖር እንደሚችል አስረዳ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ከስፌቱ ላይ አንድ የክር ጫፍ በቢላዋ ቆንጥራ ክብሪት አስጠጋችበት። ክሩ አልነደደም፣ ቀልጦ ጥቁር ጠብታ ሆነ። «ናይለን ነው፤ የድሮው ክር ይነድዳል» አለች፣ ማንገቻውንም መለሰችለት። ዝገት እየተሳደበ ወጣ፤ በማግስቱ ሌላ ይዞ መጣ።

እኔ ከአጠገቧ ሆኜ ያየሁትን ያህል ማንም አላየም። አንድ ቀበቶ ላይ የነሐስ ዘለበት ኖሮ ከተነሳ፣ ሥሩ የነበረው ቆዳ ላይ አረንጓዴ ጥላ ይተዋል፤ አዲስ ዘለበት በላዩ ቢሰፋበትም ጥላው በጎን ብቅ ይላል። በመብሻ የተበሳ ቀዳዳ አፉ ክብ ነው፤ በምስማር የተበሳ ግን በጀርባው ከንፈር ያወጣል። ማንገቻ ትከሻ ላይ ሲኖር ይጠማዘዝና እንደተጠማዘዘ ይቀራል፣ ወገብ ላይ የኖረ ደግሞ እንደ ወገብ ይጎብጣል። ማንገቻ ሆኖ የተሠራ ቆዳ እንደ ቀበቶ ጎብጦ ካገኘችው ነገሩ ይከነክናታል። የሚበልጠውን የምታውቀው ግን በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ነው፤ ዓይኗን ጨፍና ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ትዳስሳለች፣ ያኔ ማንም ሊያናግራት አይገባም። እኔ አንዴ ረስቼ ሽንኩርት ስንት ልግዛ ብዬ ጠይቄያት ሳምንት ሙሉ አኩርፋለች።

ለማታለል የተለወጠ ቆዳ ስታገኝ ደሟ ይፈላል። አንዱ ወታደር ለራሱ ሲል የለወጠውን ስታገኝ ግን ፊቷ ሌላ ነው። አንድ ቀበቶ በምስማር የተበሱ ተጨማሪ ቀዳዳዎች ይኖሩታል፣ ወገቡን እያጠበቡ እያጠበቡ የሚሄዱ፤ ያንን ስታይ «አዬ ልጄ፣ ምን በልተህ ነበር?» ትላለች፣ ሰውየው ፊቷ የቆመ ይመስል። ማንገቻ ግራኝ ለሆነ ሰው ተገልብጦ ተሰፍቶ ስታገኝ ትስቃለች። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን «የተበላሸ» ይሉታል። እሷ በዚህ ቃል ትናደዳለች፤ ሰው ያልኖረበት ቀበቶ የፈለገ ፋብሪካ ሄዶ ይግዛ ባይ ናት።

እኔ ግን ሁልጊዜ ሌላ ነገር እንደምትፈልግ አውቅ ነበር። እሷም እንደማውቅ ታውቃለች፣ ሁለታችንም አናነሳውም። የምትፈልገው ወንድሟን ነው።

ባለቤቴ ከጦሩ ጋር የሄደው ተኩሶ ለመግደል አልነበረም፣ ቆዳ ለመስፋት ነው። የወታደሩን ማንገቻና ቀበቶ የሚጠግን ሰው ተፈልጎ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ተነስቶ ሄደ። ጦርነቱ ሲያልቅ የተመለሱት ተመለሱ፣ የሞቱትም ስማቸው ተነገረ። የሱ ግን ከተመለሱትም ከሞቱትም ወገን አልተገኘም። አብረውት ነበሩ የተባሉትን ሁሉ ጠየቅን፤ አንዱ በወንዝ ዳር አየሁት ይላል፣ ሌላው አብሮን አልነበረም ይላል። እንዲህ ሆኖ ቀረ። እኔ መበለት ልባል ወይስ ባለትዳር፣ የሚነግረኝ አጣሁ።

እህቱ ግን የምትፈልግበት መንገድ ነበራት። አባታቸው ለሁለቱም ያስተማራቸው አጨራረስ አለ። ሌላው ሰፊ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ክሩን ቋጥሮ ይቆርጠዋል። እነሱ ጥቂት ስፌት ወደ ኋላ ይመለሱና ክሩን በሁለቱ ቆዳዎች መካከል አስገብተው እዚያው ይደብቁታል፤ ቋጠሮ የለ፣ ጫፍ የለ። ባለቤቴ በዚህ ላይ የራሱን ጨምሮበት ነበር። የመጨረሻዋን ስፌት ከሌሎቹ ሁሉ አጥብቆ ይስባታል፣ ቆዳው ጎድጎድ እስኪል። እህቱ የምትስበው ለስለስ አድርጋ ነው። እንግዲህ የድሮ ወታደር ቆዳ ሱቃችን በገባ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ማህተሙንም ዘለበቱንም አልነበረም፤ የስፌቱን መጨረሻ ነበር። አይታ ስታበቃ ትንሽ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ሥራዋን ትጀምራለች። ያቺን ትንፋሽ እኔ ብቻ ነበርኩ የምሰማት።

ታዲያ አናጺው መጣ። ሱቁ ከኛ ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ የሚሰካ ሰው ነው። በሁለቱ ክፍሎቻችን መካከል ያለውን በር እንዲያስተካክል እትዬ ራሷ ጠራችው። መጥቶ ላጠው፣ ማጠፊያውን ቀየረው፣ በሩም ገጠመ። በሌላው ሳምንት ደህና መግጠሙን ሊያይ መጣ። ከዚያ ዝናብ ስለዘነበ እንጨቱ አብጦ እንደሆነ ሊያይ መጣ። ከዚያ ፀሐይ ስለወጣ መጣ። እትዬ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ «ሙሽራዬ፣ ይሄ ሰው በራችንን ሊያገባው ነው መሰለኝ» አለችኝ፣ እሱ እየሰማ። ጆሮው ቀላ።

በመጨረሻ ጠየቀኝ። ቸኩዬ እንዳልመልስለት፣ እሑድ ብነግረው እንደሚበቃው ነገረኝ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ልቤ ቆርጦ ነበር፤ እሺ ልለው ነበር። ብቻዬን መተኛት ሰልችቶኝ ነበር። ወንድ ሲያስነጥስ መስማት እንኳ አምሮኝ ነበር። ለእትዬ ስነግራት ወስፌዋን ሳታስቀምጥ «ጥሩ ሰው ነው። ቀበቶውን አይቼዋለሁ፣ አንድ ቀዳዳ ላይ የኖረ ሰው ነው» አለችኝ። ከሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።  እኔ ስወጣ ግን ያ ቤት ለሷ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም ገብቶናል።

እሑድ ሳይደርስ ዝገት አንድ ጥቅል ተሸክሞ መጣ። የጦር ሰፈር መጋዘን ሲጸዳ የተሸጠ የቆዳ ክምር ነው፣ ጥሩ ጥሩውን ለዪልኝ ብሎ ጥሎላት ሄደ። ቀትር ላይ ነበር፤ የጎረቤት ማሽን ግድግዳውን እያንቀጠቀጠው ነው። እኔ የልጅ ጫማ ሶል እየለጠፍኩ ነበር። እሷ አንዱን ታነሳለች፣ መጨረሻውን ታያለች፣ ትንሽ ትተነፍሳለች፣ ወደ ጎን ታደርጋለች። አንዱ ጋ ስትደርስ ትንፋሹ ሳይመጣ ቀረ።

«ሙሽራዬ» አለችኝ፣ «በሩን ዝጊው።»

ዘጋሁት። እጇ ላይ ያለው ቀበቶ ነበር፣ ቀበቶ ሆኖ ግን አልተሠራም። በጠመንጃ ማንገቻነት የኖረ ቆዳ ነው፤ ጫፉ ተቆርጦ፣ ማህተሙ ተጋምሶ፣ የድሮው ቀለበት የነበረበት አረንጓዴ ጥላ ቀርቶበት፣ በላዩ ዘለበት ተሰፍቶበታል። አሰፋፉ ያምራል። መጨረሻው ላይ ቋጠሮ የለም። የመጨረሻዋ ስፌት ጎድጎድ ብላለች።

«የሱ ነው» አለች።

«የማን?» አልኳት፣ ማን እንደሆነ እያወቅሁ።

«የወንድሜ ነው። ደግሞ ዘለበቱን እዪው! ይሄ ዘለበት በጦርነቱ ጊዜ አልነበረም፣ ካለቀ በኋላ ለአዲሱ ጦር የመጣ ነው። ይገባሻል? ካለቀ በኋላ ሰፍቷል ማለት ነው። በሕይወት ነበር ማለት ነው!»

 የጫማ ቅርጽ የምናስቀምጥበት ሳጥን ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ ደግሞ ተናደድኩ። በሕይወት ካለ ምነው አልመጣ? የኔስ ይቅር፣ እህቱን እንዴት አላሰበም? ባገኘው መጀመሪያ አቅፌው ቀጥሎ በጥፊ እንደምለው ለእትዬ ነገርኳት። «እኔ አስቀድሜ በጥፊ ካላልኩት ነው» አለችኝ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ።

ከሰዓት በኋላ መንገዱን ተሻግሬ አናጺው ጋ ሄድኩ። ባለቤቴ በሕይወት ሳይኖር እንደማይቀር፣ ስለዚህ የጠየቀኝን ነገር እንዲተወው ነገርኩት። መላጊያውን አስቀመጠ። በሱሪው እጁን ጠረገና «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው፤ እሱ ነው አንጀቴን የበላው። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

ያ ሳምንት እንዴት ያለ ሳምንት ነበር! ዝገትን ቆዳው ከየትኛው መጋዘን እንደመጣ አስጨነቅነው፣ እሱ የሚያውቀው ከጨረታው ሰው መግዛቱን ብቻ ነበር። እትዬ የወንድሟን ጠረጴዛ በሳሙና ፈተገችው። እንደ ልጅ ታዜማለች፤ ድምጿ አስቀያሚ ነው፣ ግን ማን ዝም ሊያሰኛት? የት ሆኖ ሊሰፋው እንደሚችል ስናስብ ነበር የምንውለው። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣላት። ባለቤቴ ክሩን የሚቀባው ሰም እንደየአገሩ ይለያያል፤ የንቡን ሰም ከሚያገኘው ሙጫ ጋር ራሱ ያቀልጠው ነበር። የመጨረሻዎቹን ስፌቶች ፈትታ ከውስጥ የተደበቀውን ክር ብታይ፣ ሰሙ የት አካባቢ እንደነበረ ይነግራት ይሆናል። የሰው ስፌት ፈትታ አታውቅም፣ ነውር ነው ብላ ታምናለች። «የሱ ከሆነ ይቅር ይለኛል» አለችና ፈታችው።

እኔ ፊት ለፊቷ ነበርኩ። ከሁለቱ ቆዳዎች መካከል የወጣውን ክር በጥፍሯ ፋቀችው። ነጭ ቅርፊት ረገፈ። አሸተተችው። እንደገና አሸተተችው። ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፤ አንድ ነገር ያገኘች መስሎኝ ነበር።

«ሙሽራዬ» አለችኝ፣ «ያኔ የንብ ሰም ከገበያ ሲጠፋ ምን ነበር የምንቀባው?»

«ሻማ ነዋ» አልኳት ሳላስበው። ካልኩት በኋላ ነው ያሰብኩት።

እዚህ ላይ ያን ዘመን መናገር አለብኝ። ባለቤቴ ከሄደ በኋላ ከጦር ሰፈሩ የሚመጣው ሥራ ነበር የሚያኖረን። አዲስ የሚመጡት ወታደሮች እሱን አያውቁትም፣ የሱቁን ስም ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ማንገቻቸውን ደግሞ ለሴት አይሰጡም። ስለዚህ እኔ ከፊት ቆሜ «ባለቤቴ ከውስጥ ነው፣ ሥራ ላይ ነው» እላለሁ፣ እሷ ከጀርባ ክፍል ሆና ትሰፋለች። የሱ ስፌት እንዲመስል ብላ የክር አሳሳቧን ለወጠች። የመጨረሻዋን ስፌት ክሩን መዳፏ ላይ ጠምጥማ፣ መዳፏ እስኪቆረጥ ትስብ ነበር፤ ማታ ማታ እጇን በለብታ ውሃ የምነክርላት እኔ ነበርኩ። ከፊት ሆኜ እንዲያውም አንዳንዴ ወደ ውስጥ ዞር ብዬ «አንተ፣ ቶሎ በል፣ ሰው ቆሟል!» እል ነበር፣ እሷም ድምጿን አጎርንና ታስል ነበር። ወደ ውስጥ ገብተን እንደ ዕብድ እንስቃለን። ጦርነቱ አልቆም ይህ ነገር ቀጥሏል፤ አንድ ወታደር ቸኩሎ መጋረጃውን ገልጦ፣ ወስፌ በጥርሷ ነክሳ እስኪያገኛት ድረስ። ሰም የጠፋው በዚያው ሰሞን ነበር።

የሱን እጅ እንዲህ አሳምራ ቀድታው ኖሮ፣ ኋላ ራሷን አታለለች። በእጇ ያለፈ ቆዳ አትረሳም የምላት ሴት ይህን ረስታዋለች፤ መርሳትም አይደለም፣ ሁለታችንም ማስታወስ አልፈለግንም።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

ልዋሻችሁ አልችልም፣ ያመሰገንኳት ያን ጊዜ አይደለም። ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝና ጮህኩባት። «ዝም ብትይ ምን ነበረበት?» አልኳት። «ክሩን መልሰሽ ብትከቺው ማን ያውቅብሽ ነበር? እኔ እዚሁ ካንቺ ጋር እቀር ነበር፣ ደስ ብሎኝ እጠብቀው ነበር! አንቺስ ብትሆኚ ምን ታተርፊያለሽ?»

«ምንም አላተርፍም» አለች። አይኗ ቀልቷል፣ ድምጿ ግን ደህና ነበር። «ስንቱ ሰው የአባቱን ቀበቶ ነው ብሎ ይዞ መጥቶ፣ አይን አይኔን እያየ የሚፈልገውን እንድነግረው ለምኖኛል። እምቢ ብያለሁ። ለባዳ ያልዋሸሁትን ላንቺ ልዋሽ?»

ያኔ ተቃቅፈን አለቀስን። ለባለቤቴ እውነተኛ ለቅሶ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፣ ከሄደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። የጎረቤት ማሽን ቆመ፤ ግድግዳው ለቅሷችንን አሳልፎ አሰማቸው መሰለኝ። እሷ ከኔ ቀድማ ፊቷን ታጠበች፣ ተቀመጠች፣ የፈታችውን ስፌት መልሳ ሰፋችው፣ በራሷ አሳሳብ፣ ለስለስ አድርጋ።

ዝገት ሲመጣ ቀበቶውን አነሳና ዓይኑ አበራ። በሰፈሩ ወሬው ደርሶታል። «ይሄንን የጠፋው የጦር ቆዳ ሰፊ የእጅ ሥራ ብዬ ነው ለገበያ የማወጣው» አላት።

«አይደለም» አለችው። «በዚያ ጊዜ አንድ ወታደር ማንገቻውን አምጥቶ ቀበቶ አስደርጎታል። የሰፋሁት እኔ ነኝ። ገዢ ከጠየቀህ በገበያ ስሜ ንገረው፤ ወስፌ ሰፋችው በለው።»

«ኧረ እትዬ፣ ይሄማ ዕቃውን ይገድለዋል!»

«ይግደለው።»

እኔ ያን ያህል ዘመን አብሬያት ስኖር ይህን ሥራ እኔ ሠራሁት ብላ ለውጭ ሰው ስትናገር መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ሱቁ እስከዛሬ የሚጠራው በወንድሟ ነው፣ አመስጋኙም የሚያመሰግነው እሱን ነው፤ እሷም እንዲያ እንዲሆን ትፈልግ ነበር። አንድ የሱቅ ስም ወንድሟን ከሞት የሚያስጥል ይመስላት ኖሯል። ዝገት ተነጫንጮ ከወጣ በኋላ ሽርጧን ፈታች። በጠራራ ቀን፣ ሥራ ተከምሮ፣ ሽርጧን ስትፈታ አይቼ አላውቅም። የት ልትሄድ እንደሆነ ብጠይቃት «ያን ጫማ ጨርሺው» ብላኝ ወጣች።

በመስኮቱ አየኋት። መንገዱን ተሻግራ አናጺው ሱቅ ገባች። እሱ መላጊያውን አቁሞ ተነሳላት፤ ከዚያ በኋላ ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው። ብዙ አልቆየችም። ስትመለስ ምን እንዳለችው ጠየቅኋት፤ የእንጨት ቁርጥራጭ እንዲሰጣት እንደለመነችው ነገረችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በማግስቱ አናጺው ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። በር ሊያይ አልነበረም።

እነሆ አሁን ከመንገዱ ማዶ ነው የማድረው። ጠዋት ጠዋት ተሻግሬ ሱቁ እገባለሁ፣ እሷም ስትቀበለኝ «ሙሽራዬ» ትላለች፣ አሁን እንኳ ትንሽ እውነት አለው። ያን ቀን ምን እንዳለችው ግን አናጺው ባሌ አልነገረኝም ነበር፤ ቁጥብ ሰው ነው፣ እሷም አደራ ብላዋለች መሰለኝ። ባለፈው ቁርስ ስንበላ እንዲሁ አፉ ላይ መጣበት። ልብ በሉ፣ ይህች ሴት በሕይወቷ ያላየችውን አየሁ፣ ያልዳሰሰችውን አወቅሁ ብላ አታውቅም። አንድ ቀዳዳ ላይ ጥርጣሬ ካላት «አላውቅም» ብላ ትመልሳለች እንጂ አትገምትም። አናጺው ሱቅ ገብታ፣ አልቀመጥም ብላ፣ እንዲህ አለችው አለኝ፦

«ወንድሜ ሞቷል። ይህን ለማንም ብዬ አላውቅም፣ መጀመሪያ የነገርኩት ላንተ ነው። ሚስቱ ግን በሕይወት አለች።»